ሁለት ቋጠሮ ያለው ጠርሙስ

ውሃው ዘይቱን አላስለቀቀላትም።

ሚጡ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ስር ቁጢጥ ብላ መዳፏን ፈተገች፣ ደግማ ፈተገች። ውሃው በዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ዘይቱ ንቅንቅ አላለም። መጀመሪያ ነገሬ አላለችውም፤ ሳሙናውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። እጇ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

የፍሬን ዘይት እኮ በውሃ ይለቃል። ይህን ያስተማሯት አያቷ ናቸው። «ስሙ ነው እንጂ ከዘይት ጋር ዝምድና የለውም። ውሃ ሲያገኝ ሟሟ ብሎ ይሄዳል» ብለዋት ነበር፣ ገና መፍቻ ማቀበል ስትጀምር። አሁን መዳፏን ያጨማለቀው ደግሞ ከአስር ደቂቃ በፊት አያቷ የእናቷ መኪና ፍሬን ውስጥ ከጨመሩበት ጠርሙስ ነው የወረደው። ወደ መደርደሪያው ስትመልሰው አንገቱ ላይ የቀረው ነው የተንጠባጠበባት።

መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የሞተር ዘይት ነው። ይሄማ ሽታው አይጠፋትም፤ አያቷ ዘይት በቀየሩ ቁጥር ልብሷን ለቆ የማይሄደው ሽታ ነው። ክው አለች። ውሃው ጫማዋ ላይ እየፈሰሰ መሆኑን እንኳ አላወቀችም።

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፊታቸው የቆመው ሰው መሆኑን ያውቃሉ እንጂ ማን መሆኑን የሚለዩት ሲናገር ነው። ይሁንና የልጃቸውን መኪና ሌላ ሰው ከነካት ሞተው ይገኛሉ። ማየቱ ሲያቅታቸው ዘዴ ፈጠሩ። በየጠርሙሱ አንገት ላይ ሲባጎ አሰሩ፤ አንድ ቋጠሮ ያለው የሞተር ዘይት፣ ሁለት ቋጠሮ ያለው የፍሬን ዘይት። በአውራ ጣታቸው ዳበስ፣ ቆጠር፣ ከዚያ ሁለት ጣታቸው መሃል ጠብ አድርገው ፈተግ፣ ሸተት፤ በቃ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ዛሬ ግን ጉንፋን ይዟቸዋል፤ አፍንጫቸው ከተዘጋ ሁለት ቀኑ ነው። ጣቶቻቸውም አሮጌውን የሞተር ዘይት ሲያፈሱ፣ ፊልትሮውን ሲፈቱ እስከ ክርናቸው ጠቁረው ስለነበር ፈትገው የሚለዩት ነገር አልነበረም። ሞተሩ ውስጥ የገባው አዲስ ጀሪካን ተከፍቶ ስለሆነ እሱ ደህና ነው። ለፍሬኑ ግን ቋጠሮውን ብቻ አመኑ። ቋጠሮው ደግሞ የእሳቸው አልነበረም።

የሚጡ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት መጥታ መደርደሪያውን አጸዳችው። ማንም አላዘዛትም፤ አያቷን ደስ ላሰኝ ብላ ነው። ዘይት ጠጥቶ የጠቆረውን ሲባጎ በሙሉ በመቀስ ቆረጠች፣ ጠርሙሶቹን በሳሙና ወለወለች፣ ነጭ ሲባጎ ገዝታ አዲስ ቋጠሮ አሰረች። መሃል ላይ ጓደኛዋ ደወለችላትና ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ ስልኩን ስትዘጋ ሁለቱ ጠርሙሶች ባዶ አንገታቸውን ይዘው ጎን ለጎን ቆመዋል፣ የሁለቱም ሆድ ዕቃ ወርቃማ ነው። «ይሄኛው ነው» አለችና አሰረች። ማሰሯን ለአያቷ አልነገረቻቸውም። መደርደሪያቸውን ሰው ሲነካባቸው አይወዱም፣ ራሳቸው ሲደርሱበት ይደሰታሉ ብላ ነው። አይ ሚጡ! መጠየቅ እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«ሚጡ፣ በሩን ክፈችልኝ እንጂ፣ ረፈደብኝ» አለች እናቷ ከመኪናው ውስጥ።

የመኪናው ሞተር ተነሳ።

እናቷ የተማሪዎች ሰርቪስ ነው የምትነዳው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ያላቸውን አስራ አንድ ልጆች ከስድስት ሰዓት በፊት ሄዳ ታመጣለች። ትምህርት ቤቱ ከቁልቁለቱ ማዶ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የጭነት መኪኖች የሚበሩበት መስቀለኛ መንገድ አለ፤ ወላጆች ሁሉ እናቷን የመረጧት እዚያ ቦታ ላይ ተጠንቅቃ ስለምትነዳ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ልጅ ፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት እየዘፈነ ነው የሚሄደው። ሚጡ ይህን ልጅ አሰበችው።

በሩ ጋ ደረሰች። መቀርቀሪያውን ያዘች። መኪናው ከኋላዋ ጥሩምባ ነፋ፣ አጭር፣ የቁጣ ሳይሆን የጥድፊያ። መቀርቀሪያውን ለቀቀችና ዞራ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።

«እማ፣ አትሂጂ።»

«ምን?»

«ፍሬኑን አትርገጪ። ሞተሩን አጥፊው። በእናትሽ።»

እናቷ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻት። የሚጡን ፊት ስታይ የቀልድ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ፣ ሞተሩን አጥፍታ የእጅ ፍሬኑን ስባ ወረደች። «ምን ሆነሻል? አመመሽ?»

«ፍሬኑ ውስጥ የተጨመረው… የፍሬን ዘይት አይደለም። የሞተር ዘይት ነው።»

«ማን ነው የጨመረው?»

«አባባ።»

ይህን ስትል አልዋሸችም። የጨመሩት እሳቸው ናቸው፤ እናቷ የጠየቀችውም እሱን ነው። ነገር ግን ሚጡ «አባባ» ብላ አፏን እንደዘጋች ቀሪውን እውነት ዋጠችው። ልትቀጥል ፈልጋ ነበር።

እናቷ ሮጣ ኮፈኑን ከፈተች። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን አንስታ ጣቷን ነከረች፣ አሸተተች፣ ጣቷን በቧንቧው ውሃ ስር አድርጋ አየች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

አያቷ ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ ከቤት ወጡ። «ምነው፣ አልሄድሽም እንዴ?»

«አባዬ፣ ፍሬኑ ውስጥ የሞተር ዘይት ነው ያለው።»

«አይሆንም» አሉ ፈጠን ብለው። «ሁለት ቋጠሮ ነው። ቆጥሬዋለሁ።»

እናቷ ጠርሙሱን አምጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ዳበሱት። ቆጠሩት። አንገቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሳቡ፤ የተዘጋ አፍንጫ ምን ያሸታል። እንደገና ቆጠሩት። «ሁለት ነው» አሉ፤ ድምጻቸው ግን የመጀመሪያውን ያህል አልጠነከረም።

እናቷ አልተቆጣቻቸውም። ብትቆጣቸው ይሻል ነበር። ስልኳን አውጥታ ለአንድ የሥራ ባልደረባዋ ደወለችና ልጆቹን እንዲያመጣላት ለመነችው። ቀጥሎ ለመካኒኩ ደወለች።

መካኒኩ በሰፈሩ «ካቻቢቴ» ነው የሚባለው። ረጅምና ቀጭን ነው፣ በዚያ ላይ ካቻቢቴ ከጆሮው ጀርባ ተለይቶት አያውቅም። በልጅነቱ ሥራውን ያስተማሩት የሚጡ አያት ናቸው። በሞተር ሳይክሉ እየበረረ መጣና ገና ሳይወርድ፣ «ፔዳሉ ተረግጧል?» ብሎ ጠየቀ።

«ስነሳ ረግጬዋለሁ» አለች እናቷ። «ሁለቴ።»

«ሁለቴ ብቻ? ተመስገን በይ።» ኮፈኑ ስር አጎነበሰ። «የሞተር ዘይት ቀለል ስለሚል ላይ ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ወደ ጎማዎቹ አልደረሰም ይሆናል። ግን የፍሬን ፓምፑን ሳልከፍት አልምልም።»

«ብነዳውስ ኖሮ?» አለች እናቷ።

ካቻቢቴ ከኮፈኑ ስር ቀና አለ። «ዛሬ ይይዝልሽ ነበር። ምናልባት ነገም። ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያሽጉት ላስቲኮች፣ የሞተር ዘይት ሲነካቸው ቀስ እያሉ ያብጣሉ። ከዚያ አንድ ቀን ትረግጪዋለሽ፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል።» ሚጡን አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «በይ ተይው፣ አልሆነም አይደል።»

ሚጡ መዳፏን አየች። ባታጠብስ ኖሮ? እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ብትገባስ? ብዙ ጊዜ እኮ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

ካቻቢቴ በትልቅ ሲሪንጅ ዘይቱን ከላይ እየሳበ ወደ ባልዲ አፈሰሰ። ሲያልቅ ዕቃውን ከነሥሩ ነቅሎ አጠበ፣ ፓምፑን ፈታ፣ ጎሚኒዎቹን ጨርቅ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ በጣቱ ጨመቀ። «እነዚህ ይቀየራሉ። አላበጡም፣ ግን እምነት የለኝም» አለና ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

አያቷ ባዶ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ጠርሙሱ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። አውራ ጣታቸው ቋጠሮዎቹ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ሚጡ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ወዴት እንደምትሄድ ስላልገባት ነው።

«ሚጡ።»

«አቤት አባባ።»

«ሁለት አይደለም? አንቺም እዪው እስኪ።»

«ሁለት ነው።»

«እንዲህ ነው ያሰርኩት ግን? ሲባጎው አዲስ መሰለኝ። ወይ እኔ ነኝ አድሼው የረሳሁት… አንቺ ሳድሰው አይተሻል?»

ያኔ መናገር ነበረባት። ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ግን እናቷ እዚያ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ልጆቹን ያመጣላት ባልደረባዋ ደውሎ ሁሉም በሰላም ገቡ ሲላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እሰይ፣ እሰይ» ትላለች። አስራ አንድ ልጅ። ሚጡ በሆዷ፣ እሳቸው አርጅተዋል፣ ማንም አይፈርድባቸውም፣ አለች። በእኔ ግን ይፈርዳሉ። እማ ሁለተኛ አታምነኝም። ትምህርት ቤት ከተሰማማ አለቀልኝ፣ «ልጆቹን ልትገድል የነበረችው» እባላለሁ።

«አላየሁም አባባ» አለች።

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው።

ካቻቢቴ ሲመለስ አዲሶቹን ጎሚኒዎች አስገባ፣ ፓምፑን ገጠመ፣ ከታሸገ ጠርሙስ አዲስ የፍሬን ዘይት ሞላ። «አሁን አሮጌው ዘይትና አየሩ እንዲወጣ ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። እናቷ የመኪናውን በር ለሚጡ ከፈተችላት። «ሚጡ ትርገጥልህ» አለች።

ሚጡ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች። ካቻቢቴ ከኋላው ጎማ ስር ተጋድሞ ይጮሃል፤ «ርገጪ። ያዢ። ልቀቂ። ርገጪ። ያዢው ብዬሻለሁ። ምነው፣ እግርሽን እንደ ስልክ ድምጹን አጥፍተሽዋል እንዴ፣ ስጠራው አይሰማም?» ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ እስከ ወለሉ ወረደ፣ ምንም የሚይዘው የለም። ይሄ ነው እንግዲህ፣ አለች ለራሷ፤ ቁልቁለቱ ላይ እማ የምታገኘው ይሄንን ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በየረገጣው ትንሽ ትንሽ እየጠነከረ መጣ።

የመኪናው መስኮት ክፍት ስለነበር ከውጭ የሚወራው ይሰማታል።

«አባዬ፣ አይቀየሙኝ» አለች እናቷ። ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ ብዙ አስባበት እንደምትናገር ያስታውቃል። «ከዛሬ ጀምሮ መኪናው ላይ እጅዎን አያሳርፉ። የሰው ልጆች ናቸው የምጭነው።»

ሚጡ ጠበቀች። አያቷ በሥራቸው ሲመጡባቸው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ይከራከራሉ፣ ያፌዛሉ፣ «አንተ ሳትወለድ» ከሚለው ይጀምራሉ።

«እሺ» አሉ አያቷ።

በቃ፣ እሺ ብቻ። ሚጡ እግሯን ፔዳሉ ላይ እንደጫነች ቀረች። ካቻቢቴ «ልቀቂ» ሲላት አልሰማችውም፤ ሁለቴ ተጠርታ ነው የለቀቀችው።

የአራቱም ጎማዎች ፍሬን ተራ በተራ ተሠርቶ አለቀ። ካቻቢቴ መኪናዋን በግቢው ውስጥ ወደፊት፣ ወደ ኋላ እያደረገ ሞከራትና ወጥቶ እጁን ጠረገ። «ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል። ነገ እኔ ራሴ በሰፈሩ ነድቼ ካየሁት በኋላ ሰኞ ትሠራበታለሽ።»

አያቷ ከሳጥናቸው ተነሱ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መደርደሪያው ሄዱና ከታችኛው ክፍል የመፍቻ ሳጥናቸውን ሳቡ። ከባድ ነው፤ ሚጡ ልታግዛቸው ተነስታ ነበር፣ በእጃቸው ከለከሏት። ሁለት ጊዜ ዕረፍት አድርገው የካቻቢቴ ድምጽ ወደሚመጣበት ተሸክመውት መጡ።

«እንካ» አሉት። «አስራ ሰባት ቁጥሩ ብቻ ጫፉ ተበልቷል፣ ሌላው ሙሉ ነው። አንተ ብትሠራበት ይሻላል፤ እዚህ ዝገት ነው የሚበላው።»

ካቻቢቴ ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? እኔ ራሴ ስንቴ ተሳስቻለሁ። ይመልሱት ባክዎ።»

«ተቀበለኝ ልጄ፣ ይከብደኛል።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ካቻቢቴ የሚለው ጠፍቶት እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ሚጡ ወደ ሳጥኑ አንድ እርምጃ ቀረበች። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም፤ ይህን እርግጠኛ ነበረች።

«ቋጠሮዎቹን የቀየርኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አንዴ ከወጣ በኋላ መቆም አልቻለችም። መደርደሪያውን እንዳጸዳች፣ ሲባጎዎቹን በመቀስ እንደቆረጠች፣ ስልክ እንዳወራች፣ ከዚያ አዟዙራ እንዳሰረች እየተጣደፈች፣ መሃል ላይ እያለቀሰች ተናገረች። «አባባ ትክክል ነው የቆጠሩት። ሁለት ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

አያቷ ሳጥኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ሁለት እጆቻቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። «እጄ አይደለማ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ፊታቸውን ሚጡ ወዳለችበት መለሱ። «ሐሙስ ዕለት ነው ያልሽው?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲህ ልጅ ነሽ፣ ረስተሽው ይሆናል። አሁን ነው ትዝ ያለሽ?»

ሚጡ አያቷን አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም አዎ እንድትላቸው የፈለጉ ይመስላሉ። አዎ ብትል ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። እናቷ ትቆጣታለች፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይረሳል። ረሳሁት ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ከጎናቸው ተቀምጣ «አላየሁም» እንዳለቻቸው እናቷ ስልክ ላይ ስለነበረች ከእሷና ከእሳቸው በቀር የሰማ የለም። እሳቸውም ይህን ያስታውሱ አያስታውሱ አታውቅም።

ከጠዋቱ ሁሉ ይበልጥ አሁን ፈራች።

«አይ» አለች። «እማ ሳትነሳ ነው ያወቅኩት። እጄን ስታጠብ። ሲባጎው ሲታደስ አይተሻል ወይ ብለው ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

አያቷ የተገለበጠው ሳጥናቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና አንገታቸውን ደፉ። ካቻቢቴ የመፍቻ ሳጥኑን እዚያው ትቶ ሞተር ሳይክሉ ወዳለበት ሄደ፤ እናቷም በሩን ልትከፍትለት ተከተለችው።

ሚጡ ወደ ቤት ልትገባ ትችል ነበር። የቤቱ በር ሦስት እርምጃ ላይ ነው፤ ገብታ አልጋዋ ላይ ተደፍታ ብታለቅስ ማንም አይከለክላትም። አልገባችም። አያቷ እጃቸውን ቢዘረጉ በሚያገኟት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠችና የሚሉትን እስኪሉ ድረስ ጠበቀች።